ያረጀ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥን ለይቶ ማወቅ፦ መለዋወጫ ለሚፈልጉ ባለፈቃዶች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአያት ወይም ከአባት በውርስ የተላለፈ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በሕጋዊ ፈቃድ የያዙ ተገልጋዮች ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የተሰበረውን ወይም የጠፋውን ክፍል ከየት ማግኘት እንደሚቻል የሚመለከት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልስ የሚያገኘው ሌላ ጥያቄ አስቀድሞ ሲመለስ ብቻ ነው፤ እርሱም መሣሪያው በትክክል ምን እንደሆነ ነው። በመልክ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሽጉጦች አንዲት ሞላ እንኳ የማይዋዋሱበት ጊዜ አለ። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ጥይቶች ደግሞ በልካቸው የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ መለዋወጫው የሚፈለገው ቤተሰቡ ለሽጉጡ በሰጠው ስም ሳይሆን በብረቱ ላይ በሚነበበው ምልክት፣ በልኩና በውስጥ አሠራሩ ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ባለቤቶች መሣሪያውን ሳይፈቱና ሳይተኩሱ በዓይን በማየትና በመለካት ብቻ እንዲለዩት ለማገዝ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በፈቃድ የሚከናወን ተግባር መሆኑን ይደነግጋል። በመሆኑም ከዚህ በታች የተገለጸው ሁሉ ፈቃድ ላለው ባለቤት የተጻፈ ነው። ሽጉጡ በቤት ውስጥ የተገኘና ያልተመዘገበ ከሆነ የመጀመሪያው ጉዳይ መለዋወጫ ፍለጋ አይደለም፤ መሣሪያውን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ በአቅራቢያ ለሚገኘው ፖሊስ ማሳወቅና የሚሰጠውን መመሪያ መከተል ነው።

ስም መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም

በአገራችን የቆዩ ጠመንጃዎች የአምራቻቸውን ወይም የፈልሳፊያቸውን ስም ይዘው በአማርኛ ቀርተዋል። ስናድር፣ አልቢን፣ ምንሽር የሚሉት ስሞች ከውጭ ስም የተወሰዱ ናቸው። ውጅግራም «የግራ ጠመንጃ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። አንድ ሰው «የአያቴ ውጅግራ» ሲል ሳያውቀው የመሣሪያውን ዓይነት በትክክል እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ሽጉጥ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ጥይት የሚጎርሰው ክፍሉ የሚሽከረከር ሽጉጥ ሁሉ፣ ከየትም አገር ቢመጣ፣ ስድስት ጎራሽ ተብሎ ይጠራል። አምስት ብቻ የሚጎርሱ ትናንሽ የኪስ ሽጉጦች መኖራቸው፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ለሩሲያ ጦር የተመረጠው ናጋንት ደግሞ ሰባት መጉረሱ በአጠራሩ ውስጥ አይታወቅም። ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ ቀዳዳዎቹን መቁጠር ነው። ቁጥሩ ሰባት ሆኖ ከተገኘ ከዚህ በታች የሚወሱትን አብዛኞቹን የጦር ሽጉጦች በአንድ ጊዜ ከዝርዝሩ ማውጣት ይቻላል።

ከመቁጠር በፊት ግን ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለየብቻው በዓይን ይታይ። «ለአርባ ዓመት ማንም አልነካውም» የሚለው አባባል ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ ማንም ያልነካው ሽጉጥ ምናልባት ከአርባ ዓመት በፊት የተጎረሰ ነው። ተሽከርካሪው በዝገት ተጣብቆ አልከፈት ካለ በኃይል ለመክፈት ወይም በመዶሻ ለመቀጥቀጥ መሞከር ክልክል ነው። ሥራው የባለሙያ ይሆናል።

ሽጉጡ የሚከፈትበት መንገድ

ማንኛውም ጽሑፍ ቢጠፋ ወይም በዝገት ቢበላ እንኳ የሽጉጡ አከፋፈት አይጠፋም። በዚህ ረገድ ሦስት ዓይነቶች ይገኛሉ። አንደኛው ተሽከርካሪው ከቦታው ሳይወጣ በስተቀኝ በኩል ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። ሁለተኛው ከመዶሻው ፊት ያለው መቆለፊያ ሲለቀቅ አፈሙዙና ተሽከርካሪው አብረው ወደ ታች እንደ ማጠፊያ የሚሰበሩበት ነው። ሦስተኛው ተሽከርካሪው ብቻውን ወደ ጎን የሚወጣበት ነው።

በሦስተኛው ዓይነት ውስጥ አወጣጡ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ እንደሆነ መታየት አለበት። የአሜሪካዎቹ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ግራ ይወጣሉ። የፈረንሳይ ጦር የ1892 ሞዴል ግን ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው፤ ይህ ብቻውን ሊለየው ይችላል። በ8 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚሠራው ይህ ሽጉጥ ከአፈሙዙ በላይ የሞዴሉ ዓመት፣ በቀኝ ጎኑ ደግሞ የተሠራበት ዓመት የሚቀረጽበት በመሆኑ ዕድሜውን ለማወቅ ብዙ አያደክምም። በጅቡቲ በኩል ከነበረው የቆየ የንግድ መስመር አንጻር የፈረንሳይ መሣሪያ በአገራችን መገኘቱ የሚያስገርም አይሆንም።

ኮልትንና ስሚዝ ኤንድ ዌሰንን እርስ በርስ ለመለየትም መንገድ አለ። ባዶ መሆኑ የተረጋገጠው ሽጉጥ ከተኳሹ በኩል ሲታይ የኮልት ተሽከርካሪ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በተቃራኒው። የኮልት መክፈቻ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ፊት ይገፋል። ይህ ልዩነት ቀላል ቢመስልም ተሽከርካሪውን የሚገፋው ጣት መሰል ብረት በአንዱ ውስጥ የሚያርፍበት ጎን በሌላው ውስጥ ከሚያርፍበት ጎን የተለየ መሆኑን ያሳያል።

የጣሊያኑ 1889

በበር ከሚጎርሱት መካከል ከታሪካችን ጋር በቅርብ የተያያዘው የጣሊያን ጦር በ1889 እ.ኤ.አ. የመረጠውና በተለምዶ ቦዴዮ የሚባለው ነው። የጣሊያን ጦር በዐድዋ ዘመንም ሆነ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ይጠቀምበት ስለነበር ከአርበኛ ቤተሰብ ዘንድ ሊገኝ ይችላል። ስድስት ይጎርሳል፤ የጥይቱ ልክ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ሽጉጥ በሁለት መልክ የተሠራ ሲሆን መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበትም ይህንኑ ነው። ለተራ ወታደር የተሠራው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ የምላጭ ከለላ የሌለው፣ ምላጩም ወደ ፊት የሚታጠፍ ነው። ለመኮንን የተሠራው አፈሙዙ ክብ ሲሆን ምላጩ የማይታጠፍ ነው፤ እንደሌሎች ሽጉጦችም የምላጭ ከለላ አለው። በመሆኑም «የቦዴዮ ምላጭ» ብሎ ማዘዝ በቂ አይሆንም። አንዳንድ ሰዎች የወታደሩን ሽጉጥ ሲያዩ ከለላው ተሰብሮ የወደቀ መስሏቸው የሌለ ዕቃ ይፈልጋሉ። ከለላው ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

የጎን በሩ ሲከፈት መዶሻው ከምላጩ ስለሚለይ ምላጩ ቢሳብም ተሽከርካሪው ብቻ ይዞራል፤ መዶሻው አይመታም። ይህ የተሠራው ባለቤቱ በሰላም እንዲጎርስና እንዲያራግፍ ታስቦ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ መዶሻው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ውስጡ የተሰበረ ወይም በስሕተት የተገጠመ ክፍል አለ ማለት ነው፤ ይህም ለጠጋኙ ሊነገረው የሚገባ ምልክት ነው።

ስለ ዓመቱም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። 1889 ሞዴሉ ለጦሩ የተመረጠበት ዓመት ነው። ሽጉጡ ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ይሠራ ነበር፤ የሠሩትም ከአንድ በላይ የሆኑ ፋብሪካዎች ናቸው። በብረቱ ላይ ከአምራቹ ስም ጋር አብሮ የተቀረጸ ሌላ ዓመት ካለ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገረው እርሱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑም አይዘነጋ፤ 1916 የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር 1908 ወይም 1909 ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት የቤተሰብ ታሪክና የብረቱ ጽሑፍ የተጋጩ የሚመስሉበት ሁኔታ አለ፤ ሁለቱም ግን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል «በዐድዋ የተማረከ ነው» የተባለ ሽጉጥ 1916 የሚል ጽሑፍ ይዞ ከተገኘ የማረከው ሰው አያት እንጂ ቅድመ አያት አይሆንም፤ ይህም በራሱ ለቤተሰቡ ዕውቀት ነው።

ሁለቱ የእንግሊዝ መንትዮች

ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የእንግሊዞቹ ሁለት ሽጉጦች መመሳሰል ነው። በ1933 ዓ.ም. ከነጻነት ዘመቻው ጋር የእንግሊዝ ጦር ወደ አገራችን መግባቱ፣ ከዚያም በኋላ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ ጦራችንን ሲያሠለጥን መቆየቱ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መኮንኖች ይታጠቋቸው ከነበሩት ሽጉጦች መካከል ኤንፊልድ ቁጥር 2 እና ዌብሊ ማርክ 4 ይገኙበታል። ሁለቱም እንደ ማጠፊያ ይሰበራሉ፤ ሁለቱም ስድስት ይጎርሳሉ፤ ሁለቱም ያንኑ ባለ .38 የእንግሊዝ ጥይት ይተኩሳሉ። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ሰው አይለያቸውም።

መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀለል ያለ ሽጉጥ በፈለገ ጊዜ የዌብሊ ኩባንያ ንድፍ አቀረበ። በኋላ ግን የመንግሥት ፋብሪካ የሆነው ኤንፊልድ ከዚያ ጋር የሚመሳሰል የራሱን ሠርቶ በ1932 እ.ኤ.አ. ለጦሩ ተመረጠ። ኩባንያው በዚህ ቅር ተሰኝቶ ጉዳዩን ወደ ክርክር ወስዶት ነበር። የመልካቸው መቀራረብ እስከዚህ ይደርሳል። የውስጥ ክፍሎቻቸው ግን የተለያዩ በመሆናቸው የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከውጭ የሚታየው አስተማማኝ ልዩነት ኤንፊልድ በአካሉ ጎን በብሎን የተያያዘ የሚነቀል ክዳን ያለው መሆኑ ነው፤ ዌብሊ ይህ ክዳን የለውም። በኤንፊልዱ አካል ላይ የፋብሪካው ስም፣ «ቁጥር 2» የሚለው ጽሑፍና ዓመቱ ይነበባል። በስኮትላንድ አልቢዮን የተባለው የተሽከርካሪ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን የሠራውም ኤንፊልድ ነው፤ የፋብሪካው ስም መለወጡ ዓይነቱን አይለውጠውም። በጦርነቱ ዘመን በተሠሩት ዌብሊዎች ላይ ደግሞ «የጦርነት አጨራረስ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቀርጸው ሊገኙ ይችላሉ፤ ይህም ብረቱ በሰላም ጊዜ እንደሚደረገው ተወልውሎ አለመጠናቀቁን ለማመልከት የተደረገ ነው።

ኤንፊልድ መሆኑ ከታወቀ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው ዓይነት መዶሻ በአውራ ጣት የሚሳብበት ጆሮ ነበረው። በ1938 እ.ኤ.አ. የመጣውና ከስሙ ቀጥሎ ኮከብ ምልክት ያለው ዓይነት ግን ጆሮ የለውም፤ ዋናው ሞላውም ቀለል ያለ ነው። ከዚህም በላይ በመጀመሪያው መልክ ተሠርተው ኋላ በጦሩ የጥገና ክፍል ወደ ሁለተኛው የተለወጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ሞላ ማዘዝ አይበቃም፤ መዶሻውን ማየት ያስፈልጋል። ጆሮ የሌለው መዶሻም ተሰብሯል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ከእነዚህ የቀደሙትና ገዘፍ ያሉት የዌብሊ ሽጉጦች ጥይታቸው .455 ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የወጣው ማርክ 6 እጀታው ከታች ጠፍጣፋ በመሆኑ እጀታቸው እንደ ወፍ ጭንቅላት ከተጠማዘዘው ከቀደሙት ይለያል። በእነዚህ ላይ መፈተሽ ያለበት የተሽከርካሪው የኋላ ፊት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለሌላ ጥይት እንዲስማሙ የኋላ ፊታቸው በማሽን የተላጨ አሉ፤ የተላጨለት ጥይት ደግሞ ሽጉጡ ከተሠራለት ይበልጥ ኃይለኛ ነው። የተላጨ ሽጉጥ ምንም ዓይነት መለዋወጫ ቢገኝለት ወደ ቀድሞ ብርታቱ አይመለስም።

«ባለ 38» ማለት ምን ማለት ነው

ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡ እንመክራለን፤ ጉዳዩ የዕቃ መበላሸት ብቻ ሳይሆን የአካል ጉዳትም ነውና።

«ባለ 38» የሚለው አጠራር ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ጥይቶችን ይሸፍናል። እንግሊዞች ለኤንፊልድና ለዌብሊ የተጠቀሙበት አጭሩ ነው፤ የቀለሁ ርዝመት 20 ሚሊ ሜትር አይሞላም። .38 ስፔሻል የሚባለው ደግሞ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀለህ ሲኖረው ከአጭሩ ይልቅ በጥቂቱ ቀጠን ይላል። ልዩነቱ በቀለሁ ውፍረት ከሚሊ ሜትር ሩብ በታች ስለሆነ በዓይን አይታይም። ለአጭሩ በተሠራ ጤነኛ ሽጉጥ ውስጥ ረጅሙ እስከ ጫፍ ስለማይገባ ሽጉጡ ራሱን ይጠብቃል። ችግር የሚመጣው ቀዳዳው ረጅሙን እንዲቀበል በመሰርሰሪያ ሲረዝም ነው። በዚህ ጊዜ የቀዳዳው የኋላ ክፍል ለቀጭኑ ቀለህ ሰፊ ይሆንበታል፤ ሲተኮስ ቀለሁ ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም።

ይህ በወሬ የሚነገር አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ቪክቶሪ» የተባለ ሽጉጥ ለአሜሪካ ጦር በ.38 ስፔሻል፣ ለእንግሊዝና ለአጋሮቿ በአጭሩ .38 ሠርቷል። ሁለቱም በውጭ አንድ ናቸው፤ ከእጀታው ሥር ያለው ተከታታይ ቁጥርም በላቲኑ የ«ቪ» ፊደል ይጀምራል። ከጦርነቱ በኋላ ለእንግሊዝ ከተላኩት ውስጥ በርካቶቹ ቀዳዳቸው እየረዘመ በሲቪል ገበያ ተሽጠዋል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ለመለየት በየቀዳዳው ውስጥ ግድግዳው የሚጠብበት ደረጃ መኖር አለመኖሩን ማየት ይረዳል፤ እርግጠኛውን መልስ የሚሰጠው ግን የሠለጠነ ጠጋኝ በመለኪያ የሚያደርገው ልኬት ነው። ጥይት እያስገቡ «ይገባል፣ አይገባም» ብሎ መሞከር መለኪያ አይደለም።

ማኅተሞችን ስለ ማንበብ

በቤልጅየም ሊየዥ ከተማ የተፈተሹ መሣሪያዎች በሞላላ ክብ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ማለትም ኢ፣ ኤልና ጂ፣ ተቀርጸውባቸዋል። ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ በላያቸው ዘውድ ተጨምሯል። ብዙ ሰው ይህን የፋብሪካ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ፊደላቱ ግን መሣሪያው በከተማው የፍተሻ ተቋም ተተኩሶ መፈተሹን ብቻ ይመሰክራሉ። በዚያች ከተማ ከትናንሽ ዎርክሾፖች እስከ ታላላቅ ፋብሪካዎች የተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ ይህ ማኅተም ስላለባቸው በማኅተሙ መለዋወጫ መፈለግ በቀበሌ ማኅተም ሰው እንደ መፈለግ ነው። የሚጠቅመው ዘመኑን ለመገመት ነው፤ ዘውድ ከሌለው ከ1893 በፊት፣ ዘውድ ካለው ከዚያ ወዲህ።

በስፔን ኤይባር ከተማ የተሠሩትም እንዲሁ ያሳስታሉ። በአፈሙዛቸው ላይ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስም በጉልህ ሊነበብ ይችላል። ጽሑፉ ሙሉውን ሲነበብ ግን «ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ የሚስማማ ጥይት ይጠቀሙ» የሚል መልእክት ያለው ሆኖ ይገኛል። የውጭ መልካቸው ከአሜሪካው የተቀዳ ቢሆንም የውስጥ አሠራራቸው ብዙውን ጊዜ የተለየ ስለሆነ የአሜሪካው ሞላ አይገጥማቸውም። በአሜሪካዎቹ ላይ ደግሞ ተደርድረው የሚታዩት ቀንና ዓመታት የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው እንጂ ሽጉጡ የተሠራባቸው አይደሉም።

ምልክቱን ለማንበብ ሲባል ብረቱን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም። ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት ዘይት ነክሮ መጥረግና በጎን በኩል መብራት አድርጎ ማየት ይበቃል። ስልክን ጠጋ አድርጎ ፎቶግራፍ ማንሳት ከዓይን የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ክፍሉ ተገኘ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም

የዚያ ዘመን ሽጉጦች አብዛኞቹ በሞረድ እየተስተካከሉ በእጅ የተገጣጠሙ ናቸው። በተሽከርካሪው፣ በአካሉና በትናንሽ ክፍሎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በተደጋጋሚ የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ እነዚህ ክፍሎች አንድ ላይ የተስተካከሉ መሆናቸውን ያሳያል። ከተመሳሳይ ሞዴል የተወሰደ ክፍል እንኳ ጥቂት ሞረድ ሳይነካው ላይገጥም ይችላል።

ክፍሎች ሁሉ እኩል አደጋ የላቸውም። የእጀታ እንጨት ተሰንጥቆ ከሆነ በልኩ አስቀርጾ መተካት ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ሞላ ሲሰበር አሮጌውን ስብርባሪ እንደ ናሙና ይዞ ፈቃድ ባለው ጠጋኝ ማሠራት ይቻላል። ብሎን ትንሽ ቢሆንም ያስቸግራል። የቆዩ አምራቾች ዛሬ በገበያ ከሚገኘው የተለየ የራሳቸው ጥርስ ስለነበራቸው ሁለት ዙር ገብቶ እምቢ ያለ ብሎን በካቻቢቴ ከተገፋ የአካሉን ጥርስ ይበላል፤ ብሎኑ ይገኝ ይሆናል፣ አካሉ ግን አይገኝም።

በጣም አሳሳቢ የሆኑት ተሽከርካሪውን የሚገፋው ጣት መሰል ብረትና ተሽከርካሪውን በቦታው የሚያቆመው መቆለፊያ ናቸው። የሁለቱ ሥራ መዶሻው በሚመታበት ቅጽበት ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር ፊት ለፊት እንዲገጥም ማድረግ ነው። በጥቂቱ እንኳ ቢዛነፍ እርሳሱ የአፈሙዙን ከንፈር እየላጨ ይወጣል፤ የተላጨው ብናኝም ወደ ጎን በመፈናጠር ተኳሹንና አጠገቡ የቆመውን ሰው ይጎዳል። እነዚህን ሁለት ክፍሎች በቤት ውስጥ ለመግጠም የሚደረግ ሙከራ በምንም ምክንያት የሚደገፍ አይደለም።

ይዘው የሚቀርቡት መረጃ

ለፈቃድ ሰጪው አካልም ሆነ ለጠጋኙ ሲቀርቡ የሽጉጡን የሁለቱንም ጎን ፎቶግራፍ፣ የእያንዳንዱን ማኅተም ቅርብ ምስል፣ የቀዳዳዎቹን ብዛት፣ የአከፋፈቱን ዓይነትና ተከታታይ ቁጥሩን ይያዙ። የአፈሙዝ ርዝመት የሚለካው ከተሽከርካሪው ፊት ለፊት ካለው የአፈሙዙ መነሻ እስከ ጫፉ ነው። ተሽከርካሪውን ጨምረው የሚለኩ ሰዎች ሁልጊዜ ሦስትና አራት ሳንቲ ሜትር የረዘመ ቁጥር ይዘው ስለሚመጡ በዝርዝር ላይ የሌለ ሞዴል ይፈለጋል። የተሰበረው ክፍል ስብርባሪው ሳይቀር በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ። በአካሉ ላይ ያለው ቁጥር በፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አስቀድመው ያመሳክሩ፤ የማይገናኝ ከሆነ ከጥገናው በፊት መፈታት ያለበት ይህ ነው። ቁጥሩ ያለበትን ክፍል መለወጥም ሆነ ቁጥሩን መንካት ሳያሳውቁ የሚደረግ አይደለም።

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ክፍሉን ገዝቶ በሻንጣ ይዞልን ይምጣ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በአሜሪካ የቆዩ ሽጉጦች መለዋወጫ በገበያ የሚገኝ በመሆኑ ሐሳቡ የሚያስገርም አይደለም። ይሁንና የጦር መሣሪያ ክፍል ከዚያ አገር ሲወጣ የራሱ የወጪ ንግድ ቁጥጥር አለበት፤ ወደ አገራችን ሲገባም ፈቃድና የጉምሩክ መግለጫ ያስፈልገዋል። ለጥቂት ዶላር በተገዛች ሞላ ምክንያት ዘመድዎ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ችግር ላይ እንዳይወድቅ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ፈቃዱ ይጠየቅ።

ሽጉጡ የአርበኛ ወይም በታሪክ የሚታወቅ ሰው ንብረት የነበረ ከሆነ ጨርሶ አለመጠገኑ የተሻለ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። በእጀታው ላይ በአማርኛ የተቀረጸ ስም፣ በብር የተለበጠ ጌጥ ወይም ያረጀ የቆዳ አፎት ከአዲስ ሞላ የበለጠ ዋጋ አለው፤ አዲስ ክፍል ለማስገባት ሲባል የሚደረግ ሞረድና ውልወላም ያንን ያጠፋል። እንዲህ ያለ ንብረት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ሊታይ የሚችል መሆን አለመሆኑን በወረዳዎ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይጠይቁ። የቅርስነት ጥያቄው የመሣሪያ ፈቃዱን ስለማይተካ የፈቃዱን ቅጂ ይዘው ይቅረቡ፤ ሽጉጡን ራሱን ግን እንዲያመጡ እስኪነገርዎ ድረስ ወደ ቢሮ ይዘው አይሂዱ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ፎቶግራፎቹ ይበቃሉ።